የግራው ጭፍራ ጭስ

ባሌ የጭፍራውን ታሪክ ሳይናገር እራት በልቶ አያውቅም። እኔ ገና ለእጁ ውሃ ሳላፈስስ «በሻለቃው አያት ዘመን» ብሎ ይጀምራል። በሻለቃው፣ በጭፍራው አለቃ፣ አያት ዘመን ጭፍራው ድንበር ላይ ያለ አምባ ይጠብቅ ነበር። በአባታቸው ዘመን ጌታው ሞተና ለሌላ ጌታ አደረ። ኋላም የሸዋው ንጉሥ ሠራዊት ሲሰፋ ወደ ንጉሡ ዞሮ በግራ በኩል ሰፋሪ ሆነ። ማን የት እንደወደቀ፣ የማን ጋሻ በየትኛው ወንዝ እንደተወሰደ፣ ማን ቆስሎ በማን ጀርባ ታዝሎ እንደተመለሰ፣ ሁሉንም ያውቀዋል። ከተጋባን ዓመት ሳይሞላን እኔም በቃሌ ያዝኩት። አንዳንዴ እሱ ሲዘነጋ እኔ አስታውሰዋለሁ። ያን ጊዜ ደስ ይለውና «አየሽ፣ አንቺም የኛ ነሽ» ይለኛል። እኔ ግን የነሱ መሆን አልፈልግም ነበር። ጣውንት እንዳለባት ሴት ነበር የምኖረው፤ ጣውንቴም ያ ጭፍራ ነበር።

አባቴ በየካ ደብር ደብተራ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደሉን ለእኔ አስቆጠሩኝ፤ ይኸው በእርጅናዬ ይህን ለመጻፍ ጠቀመኝ። ስዳር ከየካ ተራራ ሥር ተነሥቼ እንጦጦ ወጣሁ። ንጉሡ ከተማቸውን ገና ወደ ፍልውሃው አላወረዱም ነበር። ዛሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከሚባለው ሰፈር በላይ ያለው ሽቅብ ሁሉ የወታደር ጎጆ ነበር። የዛሬ ልጆች እንጦጦ ሲባል ባሕር ዛፉ ነው የሚታያቸው። ያኔ ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ጥድና ወይራ ነበረ፤ እሱንም እኛው ጨረስነው።

የሰፈሩ ሥርዓት ከድንኳን ዘመን የመጣ ነው። የንጉሡ ድንኳን መሀል ይተከላል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አይጠይቅም። የቀኙ በቀኝ፣ የግራው በግራ፣ ፊት የሚሄደው ከፊት፣ ደጀኑ ከኋላ ይሰፍራል። ሠራዊቱ የትም አገር ቢገባ፣ ዝናብ ቢሆን ጭጋግ ቢሆን፣ ሰው ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ትናንት የነበረው ነው። እንጦጦ ላይ ድንኳኑ ጎጆ ሆነ እንጂ ሥርዓቱ አልተለወጠም። የኛ ቦታ ከግራው ወገን ዳር፣ ወደ የካ በሚያዘነብለው ተረተር ላይ ነበር። ከኛ ቀጥለው ጠመንጃ ያዦች ሰፍረዋል። ቁጥራቸው በየክረምቱ ይጨምራል። ጎጆአቸው እየተገፋ እየተገፋ እስከ አጥራችን ደርሶ ነበር፤ ሴቶቻቸውም የኛን መሬት ዓይን ዓይኑን ያዩት ነበር።

የኛዎቹ ጦርና ጋሻ ናቸው። ጋሻው የጎሽ ቆዳ ነው፤ ሲያዩት ደስ ይላል፣ ጥይት ግን አያቆምም። ሻለቃው ጠመንጃ ይሰጠን እያሉ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንተው ጥቂት አሮጌ ጠመንጃ ተሰጣቸው። ከሱም ውስጥ ጥይት ያልተገኘለት ነበረበት። ወንዶች ልጆች ለዐቅመ አዳም ሲደርሱ ከአባታቸው ጭፍራ ይልቅ ወደ ጠመንጃ ያዦቹ ይሄዱ ጀመር። ማን ይፈርድባቸዋል? ከዚያ አንድ የቆላ ዘመቻ ሆነና ከቀረው ግማሹን ንዳድ ፈጀው። በጦር የሞተው ጥቂት ነው፤ ሌላው እየተንቀጠቀጠ መንገድ ላይ ነው የቀረው። ባሌ ይህንን የታሪኩን ክፍል ሲያወራ ቶሎ ቶሎ ያልፈው ነበር።

በዚያ ዘመን ሰፈር የሚገመተው በጭስ ነው። የሰፈሩ አዛዥ ጠዋት ጠዋት ከወዲያኛው ጉብታ ላይ በቅሏቸውን አቁመው ጎጆዎቹን ይመለከታሉ። የሚጨስ ጎጆ ወታደር አለው፣ የማይጨስ የለውም። ጎጆው የበረደበት ጭፍራ መሬቱ ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ የተረፈው ሰው ይበተንና ሣር አጫጅ፣ እንጨት ተሸካሚ፣ በቅሎ ጠባቂ እየሆነ በየሰው ጭፍራ ይገባል። ስሙም በዚያው ይቀራል። ሻለቃው ይህን ሲያስቡ እንቅልፍ አጥተው ነው መሰለኝ፣ ከቆላው እንደተመለሱ ሴቶቹን ሰበሰቡንና አንድም ጎጆ እንዳይበርድ አዘዙ። ባሏ የሞተባት ከጎጆዋ አትውጣ፤ ጨርሶ ሰው የሌለበትን ጎጆ ጎረቤቲቱ ታንድድለት፤ በየደጁም የሟቹ ጋሻ ይሰቀል። ይህንን ሲናገሩ አዋጅ እንደሚያስነግር ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር።

ለእኔ ከራሴ ጎጆ ሌላ ሁለት ባዶ ጎጆ ደረሰኝ። ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ የራሴን ምድጃ አቀጣጥላለሁ፤ ከዚያ ፍም በገል ይዤ ወደ አንዱ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። የደረቀ እንጨት ጥሩ እሳት አለው፤ እኛ ግን የምንፈልገው እሳቱን አልነበረም። ስለዚህ እርጥብ የጥድ ቅጠል ከላይ እንጨምርበታለን። ጭሱ በሣሩ ክዳን ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ እኛም ዓይናችን ቀልቶ፣ አፍንጫችን እየፈሰሰ ከሰው አልባ ቤት እንወጣለን። ለቅሶ ላይ የከረምን ነበር የምንመስለው፤ እሱም ቢሆን ሐሰት አልነበረም።

ጎረቤቴ በንዳድ ባሏን ያጣች ባልቴት ነበረች። እሷ ባዶ ጎጆ ስትገባ ዝም ብላ አትገባም። «ተነሡ እናንተ፣ ፀሐይ እኮ ወጣች! ሌላው ወንድ በቅሎውን ውሃ አጠጥቶ ተመልሷል!» እያለች ትጮሃለች። አንድ ቀን ምን እያደረግሽ ነው ብላት «ሰው ያለ ይመስላል ብዬ ነው፤ ደግሞ በሕይወቱ ሳለ ጠግቤ አልተቆጣሁትም ነበር» አለችኝ። በዚያ ሰፈር እንደሷ ያሳቀኝ ሰው የለም።

እንጨቱ ግን ራቀ። መጀመሪያ ከጓሮ ነበር፤ ቀጥሎ ከጥሻው፤ በመጨረሻ እስከ ቀበና ወንዝ ድረስ መውረድ ሆነ። ወንዙ ዳር ካሉት ገበሬዎች አንዲቱ ሴት አባቴን ታውቃቸው ስለነበር ከማሳዋ ዳር የወደቀ እንጨት ስለቅም ዝም ትለኛለች። ከልጅነቴ ከልጆቻቸው ጋር ስላደግሁ በኦሮምኛ ነው የምንነጋገረው። «ይህን ሁሉ እንጨት ማን ሊሞቀው ነው?» አለችኝ። «ሙታን» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች፤ ኋላ ፊቴን አየችና ሸክሙን ደግፋ አሸከመችኝ።

እኔ በዚያ ጊዜ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጭፍራው ይበተን፣ ባሌም ሣር አጫጅ ይሁን። ሣር አጫጅ የሚያከብረው የለም፤ የሚገድለውም የለም። ይህን በሆዴ አልያዝኩትም፤ ፊት ለፊት ነገርኩት።

«ሣር አጫጅ ሁን» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ማጭድ አያያዝ አላውቅም።»

«ትማራለሃ! ጦር መያዝስ ተምረኸው አይደል?»

«እሱን አልተማርኩትም። አባቴ ሲሞት እጄ ላይ አገኘሁት።»

«እንግዲያው እኔ ስሞት ማጭድ እጅህ ላይ ታገኛለህ» አልኩት።

ክፉ ሰው አልነበረም። ወታደር እንጨት ሲሸከም ይሳቅበታል፤ እሱ ግን ሸክሜ ሲከብድ እየተቀበለኝ በጠመንጃ ያዦቹ ደጅ ቀጥ ብሎ ያልፋል። በትርፍ ጊዜው ጋሻውን ቅቤ ይቀባል፤ የራሱን ሲጨርስ በየባዶው ጎጆ ደጅ የተሰቀለውን የሟቾቹን ጋሻ እያወረደ እሱንም ይቀባል፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ነው ይላል። ለእኔ ራስ የሚሆን ቅቤ እየጠፋ ለሙት ጋሻ ይገኛል! እንዲህ እያልኩ እነጫነጭ ነበር፤ ግን ቁጭ ብሎ ሲቀባ ማየት እወድ ነበር።

የዘመቻው ነጋሪት የተመታው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን አዛዡ ከጉብታው ላይ ቆመው ወደኛ ተረተር ብዙ አዩ። «ይህ ጭፍራ እንዴት ፈጥኖ አገገመ!» አሉ አሉ። ለሰልፉ ደግሞ ሻለቃው አገልጋዮቹንና በቅሎ ነጂዎቹን ሁሉ የሟቾቹን ጋሻ አስይዘው አቆሟቸው። ከሩቅ ያምር ነበር። ሰልፉ እንዳለቀ አገልጋዩ ጋሻውን መልሶ ወደ ጭነቱ ሄደ፤ አዛዡ ግን ያዩትን አይተው ነበርና ደጀኑን ለኛ ሰጡ።

ደጀን ማለት ሠራዊቱ ሲመለስ ከኋላ የሚቀረው ነው። ፊት ያለው አገሩን እያሰበ ይሮጣል፤ ቁስለኛው፣ ከብቱ፣ ስንቁ ይንቀራፈፋል፤ የሚያሳድድ ጠላት መጀመሪያ የሚያገኘው ደጀኑን ነው። ለሙሉ ጭፍራ እንኳ ከባድ ነው፤ ለግማሽ ጭፍራ ግን ሞት ነው። ይህን ለማወቅ ወታደር መሆን አያስፈልግም፤ ባሌ በየማታው ካወራኝ ታሪክ ውስጥ ነበረ። «ደጀን ተሰጠን» ብሎ ሲገባ ፊቱ ደስታም ፍርሃትም ነበረበት። ለጭፍራው እንዲህ ያለ ክብር ከተሰጠው ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን አደግድጌ ሻለቃው ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልለምን መጥቼ ነው» አልኩ።

«ተናገሪ ልጄ።»

«ለአዛዡ እውነቱን ይንገሩልን። ግማሽ ነን ይበሏቸው። ደጀኑን ለሌላ ይስጡት።»

«ግማሽ ነን ያልኩ ዕለት ጭፍራ የለም» አሉኝ።

«ግማሽ አይደለን እንዴ?»

«እሱን የምናውቅ እኛ ነን።»

«ጠላትም ሲደርስ ያውቀዋል፣ ጌታዬ። እሱ ጭስ አይቶ አይገምትም።»

«አያቴ ለአባቴ፣ አባቴ ለኔ ያስረከቡት ነው። በኔ እጅ ከሚጠፋ እኔ ልጥፋ።»

«እርስዎ ብቻ ቢጠፉማ ማን ይከለክልዎ ነበር!»

አፌ አመለጠኝ። በአለንጋ ያስገርፉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጡም። ዓይናቸው እንባ አቀረረና ፊታቸውን አዞሩ። «ባልሽን ጠይቂው» አሉ። «ልቅር ካለ ይቅር፤ እኔ አልይዘውም።»

ወደ ጎጆዬ እንዴት እንደተመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ እየሮጥኩ ነው። ባሌ የጦሩን እጀታ እየጠረበ ነበር። «ሻለቃው ልቅር ካለ አልይዘውም ብለዋል! በአፋቸው ነው ያሉት፤ ሂድና ጠይቃቸው!» አልኩት። እጀታውን አስቀመጠና እጄን ያዘ። እንደዚያ አድርጎ በቀን ይዞኝ አያውቅም ነበር።

«ሙሉ ብንሆን ኖሮ እቀርልሽ ነበር» አለኝ።

 

ሴት ከሠራዊት ጋር መዝመቷ ወግ ነው፤ ስንቁን የሚያዘጋጅ ማን ሆኖ! እኛን ግን ሻለቃው እንድንቀር አዘዙን፤ ጎጆው እንዳይበርድ። ባሌ ሲሄድ ተሰናብቶኝ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ዞር ብሎ «ጭሱን አደራ» አለኝ። የሚለው ቃል አጥቶ ነው እንጂ ክፋት አልነበረውም። አሁንም ድረስ ግን ሳስበው እናደዳለሁ። ሰው ሚስቱን ተሰናብቶ ሲሄድ የሚለው ጠፍቶ ነው?

ሠራዊቱ ከሄደ በኋላ የተራራው ሰፈር ሁሉ ቀዘቀዘ። የጠመንጃ ያዦቹ ጎጆዎች ተዘጉ፤ ሴቶቻቸውም ዘምተዋል። አዛዡ ራሳቸው ዘምተዋል። ያ ሁሉ ተረተር በርዶ የኛ ዳር ብቻ ጠዋት ጠዋት ይጨሳል። ነፋሱ ጭሱን እያጎነበሰ ወደ የካ ይወስደዋል። «አሁን ለማን ነው የምናጨሰው?» ብዬ ጎረቤቴን ጠየቅኋት። «እኔ እንጃ፣ ለምዶብን ነዋ» አለችኝና ቅጠል ጨመረችበት። እኔም ወደ ተራዬ ጎጆ ሄድኩ። መተው እችል ነበር፤ ግን እሳቱ በእጄ ላይ ሲጠፋ እሱም የሆነ ነገር የሚሆን ይመስለኝ ነበር። ሰው ሲጨንቀው እንዲህ ያስባል።

ሠራዊቱ ተመለሰ የተባለው በጋው ሲያልቅ ነው። ሁላችንም መንገድ ዳር ወጣን። መጀመሪያ የፊቱ ጦር መጣ፤ ነጋሪቱ መጣ፤ የቀኙ መጣ፤ የግራው መጣ። በየመሀሉ አንዷ ባሏን አይታ እልል ትላለች፤ አንዷ የባሏ ጓደኞች አንገታቸውን ደፍተው ሲያልፉ አይታ ትወድቃለች። ቀትር ሲሆን የሌላው ጭፍራ ሴት ሁሉ የሚያስቀውም የሚያስለቅሰውም ደርሶት ነበር። እኛ ምንም አልደረሰንም። «ደጀን መጨረሻ ነው የሚመጣው፤ አትቸኩዪ» ትለኛለች ጎረቤቴ። እሷ እኮ የምትጠብቀው ሰው የላትም፤ ለእኔ ብላ ነበር የቆመችው።

ከብቱ መጣ። ቁስለኛው በቃሬዛ መጣ። ጭነቱ መጣ። ከዚያ የደከሙት በየዱላቸው እየተደገፉ፣ አንድ አንድ እያሉ፣ መጡ። ከነሱም በኋላ አንድ ሰው የምታነክስ በቅሎ እየሳበ መጣ። ጋሻ ያለው መስሎኝ ወደ ፊት ሄድኩ፤ በጀርባው ያነገበው የበቅሎዋን ኮርቻ ነበር። ደጀኑ ወዴት አለ ብዬ ብጠይቀው መሬት መሬቱን አይቶ «ከኋላ» አለኝና አለፈ። ከሱ በኋላ አቧራው ወረደ። እኛ ፀሐይ ወደ ወጨጫ ተራራ እስክታዘነብል ቆምን። በማግስቱም ወጣን፤ በሦስተኛውም ወጣን። የደጀን ሚስት መሆን ክፋቱ ይህ ነው፤ ከኋላ ይመጣል እየተባለ ተስፋው በቶሎ አይቆረጥም። ከኛዎቹ አንድም አልመጣም። ሻለቃውም አልመጡም።

መርዶውን ማንም መጥቶ አልነገረንም። የመጣው አዋጅ ነው። ይህ ያረጀ ጭፍራ ደጀኑን ይዞ በክብር ስለወደቀ ስሙ አይጥፋ፤ አዲስ ሻለቃና አዲስ ሰው ከጠመንጃ ያዦቹ ተመርጦ ይግባበት፤ በግራም በቦታው ይስፈር ተባለ። ጎጆው የወታደር ነውና ባልቴቶቹ ወደየዘመዶቻቸው ይሂዱ ተባለ። ጎረቤቴ በማግስቱ አገሯ ገባች። ስትሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ ነው የወጣችው።

የኔን ጎጆ ሊረከብ የመጣው ሰው ከአጥራችን ወዲያ ይኖር የነበረ ጎልማሳ ነው። መልኩን አውቀዋለሁ። ጨዋ ነበር፤ ጠመንጃውን ከግድግዳው አስደግፎ «አትቸኩዪ እህቴ፣ ውጭ እጠብቃለሁ» አለኝ። ድስቴንና አጎዛዬን ጠቅልዬ ስወጣ ቆም አልኩ።

«ደጀኑን አይተኸዋል?» አልኩት።

«ስንመለስ አንድ ወንዝ ተሻግረን ነበር» አለኝ። «ከኋላችን ጩኸት ሰማን። ብዙዎቻችን እንመለስ ብለን ዞረን ነበር፤ ሩቅ አልነበረም። አለቃችን ከለከለን።»

«ምን አለ?»

«ደጀኑ ሙሉ ጭፍራ ነው፣ ራሱን ይችላል፣ እናንተ ከብቱን አሻግሩ አለን።» ወደ ጎጆዎቹ ተመለከተ። «እኔም አመንኩት፣ እህቴ። ጭሳችሁን በየጠዋቱ ከደጄ ሆኜ አየው ነበር። ልክ ነው፣ እነሱ ብዙ ናቸው ብዬ ለጓደኞቼም የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

አልተቆጣሁትም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ማልቀስም አልመጣልኝም። አጎዛውን በትከሻዬ አድርጌ በተረተሩ ቁልቁል ወደ የካ ወረድኩ። ከኋላዬ አዲሶቹ ሰዎች በየጎጆው እየገቡ እየወጡ ይጠራሩ ነበር፤ ለሁሉም የሚበቃ ጎጆ ነበረ። በዚያን ቀን ጭፍራው ሙሉ ሆነ።